ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ስንት ዓመት ያገለግላል?

(በቱም ከተማ ለጤና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከቱም የዕለት ተዕለት ሥራ የራቀ ይመስላል። የተበላን የዳሌ መገጣጠሚያ አውጥቶ በሰው ሠራሽ መተካት የሠለጠነ ሐኪም፣ ልዩ መሣሪያና እጅግ ንጹሕ የሆነ የቀዶ ሕክምና ክፍል የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በአገራችን ይህን የሚያከናውኑት ሆስፒታሎች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም የሚገኙት በአዲስ አበባና በጥቂት ሌሎች ከተሞች ነው። ይሁን እንጂ ቀዶ ሕክምናው የሚፈጀው የሰዓታት ጊዜ ሲሆን፣ የተተከለው ዕቃ ግን በሰውየው አካል ውስጥ አሥር፣ ሃያ፣ ሲሆንለትም ሠላሳ ዓመት ይኖራል። በሽተኛውም ያን ሁሉ ዓመት የሚያሳልፈው በሆስፒታሉ አልጋ ላይ አይደለም፤ የማጂን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ፣ በሚዛንና በቴፒ ቡና ሲለቅም፣ እንጨትና ውኃ ሲሸከም ነው። ስለሆነም መገጣጠሚያውን የሚተክለው ሌላ ቢሆንም፣ ዕድሜውን የሚያየው እዚህ ያለው የጤና ሠራተኛ ነው።

በዚህ ምክንያት ንግግሬን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ በምን ምክንያት እንደሚያረጅ፣ በሁለተኛ ደረጃ የትኛው ዓይነት እንደሚበረታ በምን እንደ ታወቀ፣ በመጨረሻም ይህ ዕውቀት ከእኛ ምን እንደሚጠይቅ እገልጻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የዳሌ መገጣጠሚያ በተፈጥሮው ኳስና ጽዋ ነው። ኳሱ የጭን አጥንት ራስ ሲሆን፣ ጽዋው በዳሌ አጥንት ውስጥ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ነው። በሰው ሠራሹም አሠራሩ ያው ነው፤ ወደ ጭን አጥንት ውስጥ የሚገባ የብረት ግንድ፣ በግንዱ ጫፍ የሚቀመጥ ኳስ፣ በዳሌው ላይ የሚተከል ጽዋ። ግንዱና ጽዋው ከአጥንቱ ጋር የሚያያዙት ወይ በአጥንት ሲሚንቶ፣ አለዚያም አጥንቱ ራሱ በሻካራው ገጽ ላይ እንዲያድግበት በማድረግ ነው። እንግዲህ የዚህ ዕቃ ዕድሜ የሚወሰነው በሁለት ጥያቄዎች ነው ማለት ይቻላል፦ የሚፋተጉት ገጾች በምን ፍጥነት ይበላሉ? ከአጥንቱ ጋር ያለው መያያዣስ እስከ መቼ ይጸናል?

ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ መሆናቸውን በግልጽ ያሳየው የእንግሊዛዊው ሐኪም የሰር ጆን ቻርንሊ ሥራ ነው። ቻርንሊ በራይቲንግተን ሆስፒታል ከ1958 ጀምሮ ጽዋውን ይሠራ የነበረው ከቴፍሎን ነበር። በሽተኞቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመማቸው ጠፍቶ በደስታ ይራመዱ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለትና ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጽዋው እየተበላ ሄደ፤ የተፈገፈገው ደቃቅ ዱቄትም የሰውነትን ቁጣ ቀስቅሶ በዙሪያው ያለውን አጥንት አጠፋው። ቻርንሊ የዱቄቱን ጠባይ ለማወቅ ሲል በገዛ ጭኑ ውስጥ በመርፌ አስገብቶ ውጤቱን ተመልክቷል። ወደ 300 የሚጠጉ በሽተኞችም እንደ ገና መቀደድ ግድ ሆነባቸው። በ1962 አንድ የዕቃ ሻጭ ፖሊኢትሊን የተባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ ይዞ መጣ። ቻርንሊ በመጀመሪያ ባይቀበለውም፣ የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ሃሪ ክሬቨን በራሱ ፈቃድ በመፈተሻው ላይ አስቀመጠው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ፕላስቲኩ ቴፍሎን በአንድ ቀን የሚበላውን ያህል እንኳ ሳይበላ ተገኘ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የተጀመረው የብረት ኳስና የፖሊኢትሊን ጽዋ ጥምረት በመሠረቱ እስከ ዛሬ ድረስ በሥራ ላይ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ዐቢይ ነገር አለ። በሽተኛው በስድስተኛው ወር በደስታ መራመዱ የዕቃው ብርታት ማስረጃ አይደለም። የመገጣጠሚያ ድክመት ዘግይቶ የሚገለጥ ነው። ጽዋው በዓመት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ በላይ የሚበላ ከሆነ፣ ዱቄቱ አጥንቱን የማጥፋቱ ዕድል ይጨምራል፤ ይህም ጥፋት ለብዙ ጊዜ ያለ ሕመም በስውር ሊካሄድ ይችላል። ቻርንሊም ይህን በመገንዘቡ በሽተኞቹን ለዓመታት ይከታተል ነበር፤ ከሞቱ በኋላም መገጣጠሚያው ወጥቶ እንዲመረመር ፈቃዳቸውን ይጠይቅ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። አንድ ሐኪም የራሱን በሽተኞች ቢከታተል የራሱን ሥራ ብቻ ያውቃል። አንዱን ዓይነት መገጣጠሚያ ከሌላው ለማነጻጸር በአገር ደረጃ መቁጠር ያስፈልጋል። ይህን አስቀድማ የጀመረችው ስዊድን ስትሆን፣ የዳሌ መዝገቧን የከፈተችው በ1979 ነው። ፊንላንድ በ1980፣ ኖርዌይ በ1987፣ አውስትራሊያ በ1999፣ እንግሊዝና ዌልስ በ2003 ተከትለዋል። መዝገቡ የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፦ ለማን፣ መቼ፣ የትኛው ዓይነት ተተከለ፤ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ከሆነስ መቼና ስለ ምን?

የእነዚህ መዝገቦች ጥቅም በተግባር ታይቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቦንሎክ የተባለ አዲስ የአጥንት ሲሚንቶ በገበያ ላይ ሲውል ከቀድሞው የተሻለ ነው ተብሎ ነበር። የኖርዌይ መዝገብ ግን በዚህ ሲሚንቶ የተተከሉት ግንዶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ መላላታቸውን ቆጥሮ አስታወቀ፤ ሲሚንቶውም ከሥራ ወጣ። በብሪታንያ ደግሞ በ1991 የቻርንሊን ግንድ የሚመስል፣ ዋጋው ረከስ ያለ «ካፒታል» የሚባል መገጣጠሚያ ቀርቦ ከ4,000 በላይ ለሆኑ ሰዎች ተተከለ። ከሌላው ቀድሞ እንደሚላላ ታውቆ የመንግሥት ማስጠንቀቂያ የወጣበት ግን በ1998 ነው። አገሪቱ መዝገብ እንድትከፍት ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው በብረት ኳስና በብረት ጽዋ የተሠራው «ኤ.ኤስ.አር.» የተባለው ነው። ፕላስቲክ ስለሌለበት አይበላም፣ ስለዚህም ለወጣቶችና ለሠራተኞች ተስማሚ ነው ይባል ነበር። ነገር ግን ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወጣው የኮባልትና የክሮምየም ብናኝ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ጎዳ። የአውስትራሊያ መዝገብ ጉድለቱን አስቀድሞ አመለከተ፤ አምራቹ ዴፑይ በነሐሴ 2010 ከዓለም ገበያ ሲሰበስበው ለ93,000 ያህል ሰዎች ተተክሎ ነበር። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ መዝገብ እንዳሳየው ሙሉው መገጣጠሚያ ከተተከለላቸው በአምስት ዓመት ውስጥ ከመቶ 13 ያህሉ ዳግመኛ ተቀድደዋል።

ትንሽ ለውጥ እንኳ ምን ያህል እንደሚከብድ የኤክሴተር ግንድ ታሪክ ያስረዳል። ይህ ግንድ በ1970 ሲጀመር ገጹ እንደ መስተዋት የተወለወለ ነበር። በ1976 ገጹ ደብዛዛ እንዲሆን ተደረገ፤ ማንም ትልቅ ለውጥ ነው ብሎ አላሰበም ነበር። ውሎ አድሮ ግን ደብዛዛዎቹ ከተወለወሉት ይልቅ እየላሉ መጡ፤ በ1986ም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ዛሬ የተወለወለው ኤክሴተር ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ካላቸው ግንዶች አንዱ ነው።

ይህን ስል አዲስ ነገር ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጨረር የጠነከረው ፖሊኢትሊን በእውነት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። በአውስትራሊያ መዝገብ በ16 ዓመት ጊዜ ውስጥ በቀድሞው ፕላስቲክ ከተሠሩት ከመቶ 11.7 ዳግም ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልጋቸው፣ በአዲሱ ከተሠሩት ያስፈለጋቸው ከመቶ 6.2 ብቻ ናቸው። ስለ ሲሚንቶም ቢሆን የየአገሩ መዝገብ የሚስማማበት ነጥብ አለ፤ አጥንታቸው በሳሳ አረጋውያን ዘንድ በሲሚንቶ የተያዘው ግንድ ይሻላል፤ ምክንያቱም በግንዱ ዙሪያ አጥንት የመሰበሩ አደጋ ያንሳል። በብሪታንያ የሕክምና መመሪያ አውጪው ድርጅት ከ2014 ጀምሮ አንድ መገጣጠሚያ ብቁ የሚባለው በአሥር ዓመት ውስጥ ዳግም ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ከመቶ 5 ሳይበልጡ ሲቀር ነው ብሏል።

በጠቅላላው ስንት ዓመት ያገለግላል ለሚለው ጥያቄ በ2019 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት የአውስትራሊያንና የፊንላንድን መዝገብ አጣምሮ መልስ ሰጥቷል። በ15ኛው ዓመት ከመቶ 89፣ በ20ኛው ከመቶ 70፣ በ25ኛው ከመቶ 58 ያህሉ ሳይለወጡ ቆይተዋል። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ከ1969 እስከ 1971 የተተከሉት 2,000 የቻርንሊ መገጣጠሚያዎች ደግሞ በ25ኛው ዓመት ከመቶ 81 ያህሉ ሳይለወጡ ወይም ሳይወጡ ተገኝተዋል። እነዚህ ቁጥሮች የድሮ ዕቃን ታሪክ የሚናገሩ ናቸው፤ የዛሬዎቹ ከዚህ የበለጠ ይቆያሉ ተብሎ ተስፋ ይደረጋል።

አሁን ወደ ሦስተኛውና ወደ ዋናው ነጥቤ እመጣለሁ። እነዚህ ቁጥሮች ለእኛ በሽተኞች እንዳሉ ሊወሰዱ አይችሉም። ሁለት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው ዕድሜ ነው። በአውሮፓ ይህ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው የሚበዙት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ፣ መገጣጠሚያቸው በእርጅና የተበላ ሰዎች ናቸው። በእኛ አገር ወደ ሐኪም የሚመጡት ግን ብዙዎቹ ወጣቶችና ጎልማሶች ናቸው፦ የጭን አጥንት ራስ ደም አጥቶ የሞተባቸው፣ በልጅነት የአጥንት ማመርቀዝ ወይም የሳንባ ነቀርሳ መገጣጠሚያቸውን ያጠፋባቸው፣ ከዛፍ ወይም ከመኪና ወድቀው የጭን አጥንታቸው አንገት ተሰብሮ በወጌሻ እጅ የሰነበቱ። በዚህ በደቡብ ምዕራብ ቀፎ ለመስቀልና ማር ለመቁረጥ ረጅም ዛፍ የሚወጣው ሰው ቁጥር ቀላል አለመሆኑን እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። በማላዊ በ2005 የተከፈተው የመገጣጠሚያ መዝገብም ቢሆን በአፍሪካ የጭን አጥንት ራስ ሞት ለቀዶ ሕክምናው ከዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑን አሳይቷል። ወጣት ደግሞ ብዙ ይራመዳል፤ ብዙም ይኖራል። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የማዮ ክሊኒክ ጥናት ከማመርቀዝ ውጭ በሆነ መላላት ምክንያት ሳይለወጥ 25 ዓመት የቆየው፣ ከ40 ዓመት በታች ለነበሩት ከመቶ 69 ያህል ሲሆን፣ ከ80 ዓመት በላይ ለነበሩት ከመቶ 100 ነው። በብሪታንያ በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት እንደሚለውም፣ በ70 ዓመት የተተከለለት ሰው በቀረው ዕድሜው ዳግመኛ የመቀደድ ዕድሉ ከመቶ 5 ያህል ሲሆን፣ በ50ዎቹ መጀመሪያ የተተከለለት ወንድ ግን እስከ ከመቶ 35 ይደርሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይከብዳል። የእነዚህ መዝገቦች መለኪያ «ዳግም ቀዶ ሕክምና ተደረገ ወይስ አልተደረገም» የሚል ነው። ይህ መለኪያ ትርጉም የሚኖረው መገጣጠሚያው ለላላበት ሰው ሁሉ ዳግም ቀዶ ሕክምና በሚገኝበት አገር ነው። አንድ የማጂ ገበሬ ከአሥር ዓመት በኋላ ግንዱ ቢላላበት ምን ይሆናል? ከቱም እስከ ሚዛን አማን ያለው መንገድ አለ፤ ከሚዛን እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 560 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለመጓጓዣ፣ ለአስታማሚ፣ ለማረፊያና ለአዲሱ ዕቃ የሚከፍለው ከሌለው ምርኩዙን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል። በመዝገብ ቢጻፍ መገጣጠሚያው «ሳይለወጥ የቆየ» ተብሎ ከበረቱት ጋር ይቆጠራል። እንዲህ ባለው አቆጣጠር ድሀ በበዛበትና መንገድ በራቀበት አገር ያለው መገጣጠሚያ ሁሉ ከስዊድኑ ይልቅ የበረታ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ያልተለወጠ ሁሉ የበረታ አይደለም። ለእኛ መለኪያው ሰውየው ራሱ መሆን አለበት፦ ይራመዳል ወይ? ያመዋል ወይ? ሥራውን ይሠራል ወይ?

ይህ የማይሞከር ነገር አለመሆኑን የሚያስረዳ ምሳሌ በቅርባችን አለ። ለተሰበረ የጭንና የቅልጥም አጥንት የሚሆን የብረት ዘንግ ለድሀ አገሮች ሆስፒታሎች የሚሰጠው «ሳይን» የተባለው ድርጅት በ1999 ሲቋቋም አንድ ደንብ አወጣ። ሐኪሙ እያንዳንዱን ቀዶ ሕክምና በመረጃ መዝገቡ ውስጥ ካስገባ የተጠቀመበት ዘንግ ይተካለታል። አጥንቱ መጠገኑን ለማሳየትም በሽተኛው ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ሲል ፎቶግራፍ ይነሣል። ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም በዚህ ዘንግ ሲሠሩ ኖረዋል። የዳሌ መገጣጠሚያ የተተከለለትን ሰው ቁጢጥ በል ማለት መገጣጠሚያውን ሊያወልቅበት ስለሚችል ፎቶግራፉን እንዳለ መቅዳት አይገባም። ሐሳቡ ግን ጠቃሚ ነው፤ ውጤት ሐኪም በሌለበት ቦታም ቢሆን በቀላል ምልክት ሊታወቅ ይችላል።

እንግዲህ ከእኛ የሚጠበቀውን በአራት ነጥብ እገልጻለሁ።

አንደኛ፣ ካርድ። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሲመጣ በማሸጊያው ውስጥ ስሙን፣ መጠኑንና ቁጥሩን የያዘ ተለጣፊ ወረቀት አብሮ ይመጣል። ያ ወረቀት በበሽተኛው ካርድ ላይ ተለጥፎ ከቀኑ፣ ከጎኑና ከሆስፒታሉ ስም ጋር ለራሱ ሊሰጠው ይገባል። ይህ የቢሮ ሥርዓት ብቻ አይደለም። የአንዱ ፋብሪካ ኳስ በሌላው ግንድ ላይ፣ የአንዱ የፕላስቲክ ጽዋ በሌላው ቅርፊት ውስጥ በትክክል አይገጥምም። የዕቃው ስም ከታወቀ የተበላውን ፕላስቲክ ብቻ ለውጦ መመለስ በሚቻልበት ጊዜ፣ ካልታወቀ ጠንክሮ የተያያዘውን ግንድ ጭምር ነቅሎ ማውጣት ግድ ይሆናል። ወደ ከፍተኛ ሕክምና በሽተኛ የምትልኩ ሁሉ ሲመለስ ካርዱን ጠይቁ፤ ካልያዘም ወደ ሆስፒታሉ ጽፋችሁ አስልኩ።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት። መገጣጠሚያው በብዛት የሚወልቀው በዚህ ጊዜ ነው። በዝቅተኛ በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት፣ እግርን አጥፎ ወደ ውስጥ ማዞር ያሰጋል። ለቡና ሥርዓት ከፍ ያለ ወንበር፣ ለመጸዳጃውም ጉድጓዱ ላይ የሚቀመጥ የእንጨት መቀመጫ የአካባቢው አናጢ ሊሠራው ይችላል። ይህን ለቤተ ሰቡ ማስረዳት ከማንኛውም ውድ ዕቃ ያልተናነሰ ዋጋ አለው።

ሦስተኛ፣ የአደጋ ምልክቶች። ከተቀመጡበት ሲነሡ በብሽሽት ወይም በጭን ላይ የሚሰማ ሕመም የመላላት ምልክት ሊሆን ይችላል። እግሩ እያጠረ መምጣቱ፣ ከወደቀ በኋላ መራመድ አለመቻሉ፣ ከቁስሉ ፈሳሽ መውጣቱ ወይም ትኩሳት ሁሉ መላክን የሚጠይቁ ናቸው። ማመርቀዝ ሲጠረጠር በሽተኛው በጠና ካልታመመ በቀር ከመገጣጠሚያው ናሙና ሳይወሰድ አንቲባዮቲክ መጀመር ተሕዋሱን ደብቆ ምርመራውን ያበላሻል። ሕመም የሌለበትም ሰው ራጅ በሚገኝበት ሆስፒታል በየጥቂት ዓመቱ እንዲታይ መደረግ አለበት፤ አጥንቱ በስውር የሚጠፋው በዚያ ጊዜ ነውና።

አራተኛ፣ ምርጫ። ይህ በተለይ ዕቃ የመግዛትና በስጦታ የመቀበል ሥልጣን ያላቸውን አባላት ይመለከታል። ረጅም ማስረጃ ያለው፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ፣ መለዋወጫው ሁልጊዜ የሚገኝ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት መርጦ በእርሱ ጸንቶ መሥራት ይበጃል። ከየአገሩ በስጦታ የሚመጣ ድብልቅልቅ ያለ ዕቃ ለጊዜው ደስ ቢያሰኝም፣ ከአሥር ዓመት በኋላ መለዋወጫ አይገኝለትም። እንዲሁም በ1950ዎቹ የታወቀው፣ ያለ ሲሚንቶ የሚገባው የኦስቲን ሙር ግማሽ መገጣጠሚያ ለደከመ ሽማግሌ ስብራት ያገለገለ ቢሆንም፣ በሥራ ላይ ላለ ጎልማሳ ሲተከል ግንዱ ይላላል፤ ኳሱም የተፈጥሮውን ጽዋ ይበላዋል። ርካሽ መስሎ ውድ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይዞ ወደ ወረዳው ለተመለሰ ሰው ሁሉ በጤና ጣቢያውና በሆስፒታሉ አንድ የጋራ መዝገብ ይከፈት። በየዓመቱ አንድ ጊዜ አምስት ነገር ይጠየቅ፦ በሕይወት አለ ወይ? ያለ ምርኩዝ ይራመዳል ወይ? ያመዋል ወይ? ሥራውን ይሠራል ወይ? ወልቆበት፣ አመርቅዞበት ወይም ዳግመኛ ተቀድዶ ያውቃል ወይ? ለዚህ ራጅም ሆነ ልዩ ባለሙያ አያስፈልግም፤ ነርስና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሊሞሉት ይችላሉ። ቅጂው ለቀደደው ሐኪም ይላክ። ሐኪሙ የቱም በሽተኛው በሰባተኛው ዓመት ከቤት መዋሉን ካላወቀ፣ ያንኑ ዕቃ ለሚቀጥለው ሰው መትከሉን ይቀጥላል። ካወቀ ግን ሁለት ሰው ተጠቀመ ማለት ነው፤ አንደኛው በጊዜ ወደ ሕክምና የሚመለሰው፣ ሁለተኛው የተሻለ ዕቃ የሚያገኘው።